ለቤተ ሰብ የአንድ ቀን የባሕር ሽርሽር በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች

የደጋ ሰው ውኃን የሚያውቀው በምንጭ፣ በወንዝና በሐይቅ ነው። እነዚህም ቢሆኑ በክረምት ሞልተው ሰው የሚወስዱ ስለ ሆኑ፣ እናቶቻችን ልጆቻቸውን ከወንዝ ዳር ሲከለክሉ ኖረዋል፤ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ የተነሣ በመካከላችን ዋና የማያውቅ ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ጨው ባሕርን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያይ ዕድሜውን የሚጨርሰውም ከዚያ ይበዛል።

ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በምድር ባቡር ያለው መንገድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የቀድሞው ሐዲድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለብዙዎቻችን ባሕር ማለት ጅቡቲ ሆና ኖራለች፤ በ2016 የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡርም ይህንኑ መንገድ አድሶታል። በዚያች ከተማ በሥራና በንግድ የሚኖሩ ወገኖች አሉን፤ እነርሱን ለመጠየቅ ከነልጆቹ የሚወርደውም ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ቤተ ሰብ አንድ ቀን ጀልባ ተከራይቶ ወደ ደሴቶቹ ለመውጣት ቢያስብ ምን እንደሚያይና ምን እንዲጠነቀቅ ልንጽፍ ወደድን።

ሙሻና ማስካሊ የሚባሉት ሁለት ደሴቶች ከከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። ሁለቱም ዝቅተኞች ናቸው፤ ከሩቅ የሚያያቸው ሰው በባሕሩ ላይ የተሰመረ ቀጭን መስመር እንጂ ምድር አይመስሉትም። ምክንያቱም ተራራ ሰጥሞ ጫፉ የቀረ አይደለም፤ የጥንት የኮራል አለት ከውኃው በላይ ወጥቶ የደረቀ ነው። ባሕረ ሰላጤው ራሱ ግን የእኛው ዘመድ ነው። የዝዋይንና የላንጋኖን ሐይቆች ያቀፈው ስምጥ ሸለቆ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወርዶ በአፋር ምድር ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ስንጥቆች ጋራ ይገናኛል፤ መሬት እየተሰነጠቀች ባሕር የምትሆንበት ሥፍራ ይህ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ጫፍ አልፎ ያለው የአሳል ሐይቅም ከባሕር ወለል 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ተኝቷል።

ስለ ሙሻ አንድ የሚያስገርም ታሪክ አለ። በ1840 እንግሊዞች ከታጁራው ሱልጣን ጋራ ተዋውለው ደሴቱን በዐሥር ጆንያ ሩዝ ገዙት። ብዙም አልተጠቀሙበትም፤ በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ለፈረንሳይ ተላለፈ፤ በ1977 ጅቡቲ ነጻ ስትወጣ ለባለ አገሩ ተመለሰ። ዐሥር ጆንያ ሩዝ ዛሬ ለአንድ ትልቅ ድግስ ይበቃ ይሆናል። በአካባቢው ያለው ባሕርና ኮራል ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሕግ ጥበቃ ሥር መግባቱን ግን ማንኛውም እንግዳ ሊያውቀው ይገባል።

አሁን ወደ ጀልባው እንምጣ። ለዚህ ጉዞ የሚስማማው ወራት ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ነው፤ በበጋቸው፣ ማለት በእኛ ክረምት፣ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ አሸዋ የሚያነሣ ትኩስ ነፋስም ይነፍሳል፤ ሕፃን ይዞ በዚያ ጊዜ ባሕር መውጣት ተገቢ አይደለም። ኪራይ የሚባለው ለሰው ሳይሆን ለጀልባው ስለ ሆነ ሁለት ወይም ሦስት ቤተ ሰብ ተባብሮ ቢከራይ ወጪው ይቀላል፤ ነገር ግን ጀልባው ከሚችለው በላይ ሰው መጫን የለበትም። ስምምነቱም በዋዜማው፣ በቀን ብርሃን፣ ጀልባውን በዐይን አይቶ ይሁን። ነዳጁ የማን ነው? በስንት ሰዓት ተነሥቶ በስንት ሰዓት ይመለሳል? የፀሐይ መከለያ ሸራ አለውን? ከውኃ ወደ ጀልባ መውጫ መሰላልስ? ሞተሩ ቢቆም ሁለተኛ ሞተር ወይም ሰው የሚጠሩበት ስልክ ወይም ሬዲዮ ይዘዋልን? እነዚህን ሁሉ ሳያፍሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዋጋ መከራከር የእኛ ልማድ ነው፤ ይከራከሩ። የጀልባው መሪ ነፋሱን አይቶ «ዛሬ አይሆንም» ያለ እንደሆነ ግን መከራከር አይገባም። ባቡሩ ነገ ስለሚነሣ፣ ገንዘቡም ስለ ተከፈለ ብለው እንዲወጣ የሚያስገድዱት ሰዎች የገዛ ልጆቻቸውን ሕይወት ለዋጋ ማቅረባቸው ነው።

ከሁሉ በፊት የሚቆጠረው ሕይወት አድን ሰደርያ ነው። በጀልባው ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ይኑር፤ ለሕፃንም የሕፃን ልክ ይሁን። ለልጅ የተሰፋ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለማወቅ ልጁን አልብሶ፣ ማሰሪያውን አጥብቆ፣ ሰደርያውን ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ መሳብ ነው። ልጁ አብሮ ቢነሣ ደኅና ነው፤ ሰደርያው በጆሮው በኩል ቢያልፍ ግን በውኃ ውስጥም እንዲሁ ጥሎት ይወጣል። የትልቅ ሰው ሰደርያ ለትንሽ ልጅ ከቶ አይሆንም።

ይህን ነገር ደጋግመን የምንናገረው በከንቱ አይደለም። ከደሴቶቹ ፊታችንን ወደ ሰሜን ብንመልስ ከማዶ ያለው ምድር የኦቦክ አውራጃ ነው። ወጣቶቻችን የመንን ተሻግረው እንጀራ ሊፈልጉ በተጨናነቀ ጀልባ የሚነሡት ከዚያ ጠረፍ ነው፤ ያልተሳካላቸውም በዚያው ይመለሳሉ። በጃንዋሪ 2019 በጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከሃምሳ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በአፕሪል 2024 በዚያው ጠረፍ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ጀልባ ሰጥሞ የሞቱት ከሃምሳ በላይ ነበሩ፤ የሚበዙትም የእኛው አገር ልጆች ናቸው። በኦክቶበር 2024 ደግሞ ከየመን በተመለሱ ሁለት ጀልባዎች ላይ የነበሩት መንገደኞች የብስ ሳይደርሱ ወደ ባሕር እንዲወርዱ ተገድደው 45 ሰዎች አለቁ። ውኃው ያው ውኃ ነው። እኛ ለሽርሽር የምንወጣበትን ከእነርሱ መንገድ የለየው የቀን ብርሃን፣ የሚታመን መሪ፣ ልኩን የጠበቀ ጭነትና ያ ሰደርያ ነው። በጀልባው ላይ ስለ ተጓዦቹ ነፍስ አንድ አፍታ ዝም ብሎ መጸለይ ለልጆችም የሚከብድ አይደለም።

ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም መነሣት ይበጃል፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ነፋሱ ይበረታልና። ሆድ የሚያጥወለውለው ሰው ከመነሣቱ በፊት ደረቅ ዳቦ ቢቀምስ፣ በጀልባውም በስተ ኋላ ተቀምጦ ዐይኑን ሰማይና ባሕር ከሚገናኙበት መስመር ባያነሣ ይሻለዋል። በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ቢጓዙ የውኃው መልክ ይለወጣል። ጥቁር ሰማያዊ የነበረው ጥልቁ በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያም ልክ በብርጭቆ እንዳለ ውኃ ጠርቶ ወለሉ ይታያል። ጥሩ የጀልባ መሪ መልሕቁን የሚጥለው በአሸዋ ላይ ወይም ለዚሁ ከተተከለ ገመድ ጋራ በማሰር ነው። ኮራል ላይ ሊጥል ሲል ያየ ሰው በትሕትና «እባክዎ ወደ አሸዋው ፈቀቅ ያድርጉልን» ቢለው አያሳፍርም፤ ለተከራይ መብቱ ነው።

የባሕርን ውስጥ ለማየት ጠላቂ መሆን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዐይንንና አፍንጫን አብሮ የሚሸፍን የውኃ መነጽር፣ በአፍ የሚያዝ አጭር የመተንፈሻ ቱቦና፣ ለሚፈልግ ሰው፣ በእግር የሚጠለቅ የላስቲክ ክንፍ ነው። መነጽሩ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ማሰሪያውን ሳያስሩ ፊት ላይ አስጠግተው በአፍንጫ ሲስቡት ሳይወድቅ የቀረ እንደሆነ ነው። ፀጉር በጠርዙ ሥር ቢገባ ውኃ ያስገባል፤ ጢማሞች አባቶችም በዚህ ይቸገራሉ። መስታወቱ በእንፋሎት እንዳይደበዝዝ ምራቅ ቀብቶ በባሕር ውኃ ማለቅለቅ በዓለም ሁሉ ያሉ ጠላቂዎች የሚያደርጉት ነው፤ እመቤቶች ቢጸየፉትም ከዚህ የቀለለ መድኃኒት የለውም።

ቱቦው ለምን አጭር ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ብልህ ልጅ አይጠፋም። መልሱ እንዲህ ነው። ውኃ ከባድ ስለ ሆነ ጥቂት ዝቅ ባሉ ቁጥር ደረትን ይጫናል፤ ሰው ከአንድ ሜትር በታች ሆኖ በረዥም ቱቦ ከላይ አየር ለመሳብ ቢሞክር ሳንባው የውኃውን ክብደት ሊያሸንፍ አይችልም። ከዚህም በቀር በረዥም ቱቦ ውስጥ የቀረው የተተነፈሰ አየር ተመልሶ ይሳባልና ያዳክማል። ስለዚህ ቱቦው ከክንድ ያነሰ ነው፤ ሥራውም ፊቱን ውኃ ውስጥ ደፍቶ ለሚንሳፈፍ ሰው ነው።

ዋና የማያውቅ ሰው ሰደርያውን ለብሶ፣ ውኃው ከወገብ በማይበልጥበት ዳር ቆሞ ይጀምር። መጀመሪያ ፊቱን ብቻ ይድፋ፤ በአፉ በቀስታ ይተንፍስ። አፍንጫ በውኃ ውስጥ ሥራ ፈት መሆኑን ሰውነት እስኪያምን ድረስ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ መጀመሪያ ሁሉም ደንግጦ ይነሣል፤ ይህ ሊያስቀው ወይም ሊያሳፍረው አይገባም። ትንፋሹ ሲረጋ እግሩን ከመሬት ያንሣ። ከዚያ በኋላ ዋና የሚችል አንድ ሰው እጁን ይዞ ወደ ኮራሉ ዳር ይምራው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አዛውንትም ልባቸው ጤነኛ ከሆነ በዚህ ዐይነት ሊያዩ ይችላሉ። ብቻውን ግን ማንም አይግባ፤ ጎበዝ ዋናተኛ ነኝ የሚለው በተለይ።

በውኃ ውስጥ ነገር ሁሉ በሩብ ያህል ቀርቦ፣ በሢሶ ያህል ገዝፎ ይታያል፤ ብርሃን ከውኃ ወደ መነጽሩ አየር ሲያልፍ ስለሚሰበር ነው። ልጆች ዓሣውን ሊነኩ እጃቸውን ሲዘረጉ የሚስቱትም ለዚህ ነው። ቀይ ቀለም ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል፤ ጥቂት ሜትር ከወረዱ በኋላ ቀይ የነበረው ነገር ቡናማ ወይም አመድማ ይሆናል። ስለዚህ እውነተኛው ቀለም የሚገኘው ከላይ፣ ፀሐይ በምትደርስበት በዚሁ በጥልቅ በሌለው ሥፍራ ነው፤ በላይ የሚንሳፈፈው ሰው ከጠላቂው የተሻለ የሚያገኝበት አንዱ ነገር ይህ ነው።

ኮራል ምንድን ነው? ብዙ ሰው ድንጋይ ነው ይላል፤ ሌላው ቅርንጫፉን አይቶ ዛፍ ነው ይላል። እርሱ ግን እንስሳ ነው፤ ይኸውም አንዳንዱ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ፣ በአፉ ዙሪያ ጣቶች ያሉት ፍጥረት በብዙ ሺህ ተጣብቆ የሚኖር ነው። እያንዳንዱ ከባሕሩ ውኃ ኖራ እየሳበ ከሥሩ ቤት ይሠራል። በገላው ውስጥ ደግሞ በዐይን የማይታዩ የባሕር ዕፀዋት ያሳድራል፤ እነርሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያበስላሉ፣ እርሱም ቤትና ከለላ ይሰጣቸዋል። ያ ሁሉ ቀለም የሚበዛው ከእነዚህ እንግዶች ነው። ለጌጥ የሚሆነው ቀዩ መርጃንም የዚሁ ወገን ነው። እንደ ድንጋይ የሚከብደው ዐይነት ኮራል በዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያድጋል፤ የመሶብ መጠን ያለው አንድ ኮራል እንግዲህ ለማደግ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶበታል ማለት ነው። አንድ ሰው ለዕረፍት ብሎ እግሩን ቢያሳርፍበት ግን በአንድ ደቂቃ ይሰበራል፤ ባይሰበርም ስሱ ቆዳው ተልጦ ይታመማል። ለልጆቻችን «አትንኩ» ከማለት ይልቅ «ይህ ከአባትህ እኩል ዕድሜ ያለው ነው» ብንላቸው የበለጠ ይገባቸዋል።

በኮራሉ ዙሪያ ያለውን የዓሣ ብዛት ዘርዝሮ መጨረስ አይቻልም። ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሄዱ ብጫ፣ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የተሳሉ አሉ። መርዘኛ ጣቶች ባሉት ለስላሳ የባሕር እንስሳ መካከል ሳይነደፍ ቤቱን የሚሠራ ብርቱካንማ ትንሽ ዓሣ አለ። ከሁሉ ግን እኛን የሚያስደንቀን የጣት ርዝመት ያለው፣ በጎኑ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ በአንድ ሥፍራ ተቀምጦ ደንበኛ ይጠብቃል፤ ትልልቆቹ እየመጡ በፀጥታ ይቆሙለታል፣ እርሱም ከቆዳቸው፣ ከስንጥባቸውና ከአፋቸው ውስጥ ሳይቀር ተባዩን ይለቅምላቸዋል። ሌላ ጊዜ የሚውጡት ዓሦች በዚያ ሰዓት አፋቸውን ከፍተው ይታገሡታል። ተራ ጠብቀው ሲቆሙ ያየ ሰው የቅዳሜ ቀን ፀጉር አስተካካይ ቤት ትዝ ይለዋል።

ጆሮ ሰጥቶ ለሚሰማ ሰው ደግሞ ጥርስ እንደሚፋጭ ያለ ድምፅ ይሰማል። ይህ የበቀቀን ዓሣ የሚባለው ነው፤ አፉ እንደ በቀቀን መንቁር ስለ ሆነ ነው ስሙ። አረንጓዴና ሰማያዊ ገላ ያለው ይህ ዓሣ በኮራሉ ላይ ያለውን ሣር ሲቆረጥም ድንጋዩንም አብሮ ይነክሳል፤ በጉሮሮው ፈጭቶ ዱቄቱን ከኋላው ይጥላል። የዱቄቱ ስም አሸዋ ነው። ከዚህ ወገን ትልልቆቹ አንዱ ብቻ በዓመት ብዙ መቶ ኪሎ አሸዋ ይሠራል። የኮራል ደሴቶች ነጭ አሸዋ፣ ሕፃናት ቤት የሚሠሩበትና እመቤቶች ምንጣፍ የሚያነጥፉበት፣ እኩሌታው በእንዲህ ያለ ወፍጮ ያለፈ ነው፤ የቀረው የተሰበረ ኮራልና ዛጎል ነው።

ይህ ሁሉ ውበት በአደጋ ላይ መሆኑን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ባሕሩ ከለመደው የበጋ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ብቻ በልጦ ለጥቂት ሳምንት ከቆየ ኮራሉ በገላው ያሳደራቸውን ዕፀዋት ያስወጣል፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ሁሉ ሄዶ እንደ አጥንት ይነጣል። ወዲያው አይሞትም፤ ሙቀቱ ቶሎ ቢመለስ ዕፀዋቱን መልሶ ይቀበላል፤ ከዘገየ ግን በረኃብ ያልቃል። ይህ በሽታ በ1998ና በ2016 በዓለም ባሕሮች ሁሉ ታይቷል፤ ከ2023 ጀምሮ የመጣው አራተኛው ከሁሉ የከፋ ሆኖ በ2025 በተሰጠው ግምት መሠረት ከዓለም ኮራል 84 ከመቶ በሚሆነው ላይ አስጊው ሙቀት ደርሶበታል። ስለዚህ ነጭ ኮራል ያየ እንግዳ «እንዴት ያምራል!» ከማለት ይታገሥ፤ የታመመ ሰው ነው ያየው።

ሊነካ የማይገባው ስለ ራሳችንም ጭምር ነው። ድንጋይ መስሎ የሚተኛ፣ በጀርባው መርዛም እሾህ ያለው ዓሣ አለ፤ እንደ ጃርት የሾለ ጥቁር የባሕር እንስሳም አለ። ዳር ላይ ለሚሄድ ሰው የላስቲክ ጫማ ግድ ነው። የድንጋዩ ዓሣ የወጋው ሰው እግሩን ቆዳ በማያቃጥል መጠን ትኩስ በሆነ ውኃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ያስታግሠዋል፤ ከዚያ ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ስለ ልብስ አንድ ቃል። ረዥም ቀሚስና ነጠላ ውኃ በጠጡ ጊዜ ይከብዳሉ፣ በእግርም ይጠመጠማሉ፤ ጨዋነት ነው ብሎ ይህን ለብሶ ጥልቅ መግባት አደገኛ ነው። ገላን የሚጠብቅ እጀ ረዥም ሸሚዝና ሱሪ ጨዋነትን ከደኅንነት ጋራ ያስማማል፤ ፊቱን ደፍቶ የሚንሳፈፍ ሰው ጀርባውና የባቱ ኋላ ሳያስበው በፀሐይ ይቃጠላልና ከዚያም ያድናል። በገላ የሚቀባው ቅባት ለኮራል የሚጎዳ ቅመም የሚገኝበት ስላለ፣ ከቅባት ልብስ ይሻላል።

ወደ እኩለ ቀን ወደ አሸዋው እንወጣለን። በደሴቶቹ ላይ የሚጠጣ ወንዝ ወይም ምንጭ የለም፤ ውኃ ለአንድ ሰው ከሦስት ሊትር ያላነሰ ይያዝ። የጀልባው ሰዎች ዓሣ ጠብሰው ማብላት ይወዳሉ፤ ነገር ግን ደኅናው ወራት ከነቢያት ጾምና ከዐቢይ ጾም ጋራ የሚገጥም ስለ ሆነ፣ የሚጾም ቤተ ሰብ ዳቦውን፣ ቆሎውንና ብርቱካኑን ይዞ መሄዱን አይርሳ፤ ለጀልባው ሰዎችም አስቀድሞ ቢነግራቸው አይቀየሙም። ሙሻ ላይ በጨው ውኃ ውስጥ ሥሩን ዘርግቶ የሚኖር ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ አለ፤ በሥሮቹ መካከል የዓሣ ጫጩቶች ይደበቃሉ፤ በጥላው አጠገብ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ለልጆች ከትምህርት ቤት አያንስም። ባዶ የመሰላቸውን ቀንድ አውጣ ዛጎልም በኪሳቸው እንዳይከቱ ይነገራቸው፤ ብዙ ጊዜ በውስጡ ሸርጣን ተከራይቶበታል።

ጊዜ ያለው ቤተ ሰብ በሌላ ቀን ከከተማው በስተ ምዕራብ ወደ አርታ ጠረፍ መሄድ ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከዓሦች ሁሉ የሚገዝፈው፣ ነጠብጣብ ያለው ትልቁ ሻርክ ወደዚያ ይመጣል። የሚመጡት ገና ያላደጉት ሲሆኑ ብዙዎቹ አራት ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ የሚመገቡትም ደቃቁን የባሕር ተንሳፋፊ ነው፤ ሰው አይበሉም። በሦስት ሜትር ርቀት መመልከት እንጂ መንካትና መንገዳቸውን መዝጋት ክልክል ነው።

ከደሴቱ በዘጠኝ ሰዓት ግድም መነሣት መልካም ነው። ከመነሣት በፊት በስም እየጠሩ መቁጠር፤ በራስ ብቻ ሳይሆን በስም፤ ሰደርያውም ለመመለሻው ተመልሶ ይለበስ፤ ሰው የሚዘነጋው በመመለሻው ነውና። ማዕበሉ ከጠዋቱ ስለሚበረታ የሚረጨው ውኃ ሁሉን ያረጥባል፤ ልጆች በሙቅ አገር መካከል ብርድ ብርድ ሊላቸው ይችላል፣ ጋቢ ወይም ፎጣ በደረቅ ከረጢት ይጠብቃቸው። ማታ ጨዉን በንጹሕ ውኃ ታጥበው፣ ጆሮአቸውን አድርቀው ሲተኙም ሰውነት የማዕበሉን መወዛወዝ ቶሎ አይረሳውም፤ አንዱ ልጅ በሌሊት ተነሥቶ «አልጋው ይሄዳል» ቢል አትደንግጡ፣ በማግሥቱ ይለቀዋል።